ተራራው ተከለለ፤ ሳሩስ የማን ነው?

አዝመራው እንዴት ነው? ማጨዱና መከመሩ ላይ ስለሆናችሁ ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ እንደማይኖራችሁ አውቃለሁ። ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ አንብቡት። ስልክ ለሌለው ጎረቤትም አንብቡለት።

ዛሬ ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አልጽፍም። የራሴን ሐሳብ ነው የምጽፈው፣ የጽሕፈት ቤት መመሪያ አድርጋችሁ አትውሰዱት። የማይስማማ ካለ ይጻፍልኝ፣ አልቀየምም።

ባለፈው አርብ ገበያ ላይ ሁለት ሰው አስቆመኝ። አንደኛው ከደጋው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። «አንተ ግብርና» አሉኝ፣ «ይሄ አካባቢ ጥበቃ የምትሉት ነገር አልበዛም ወይ? ተራራው ተከለለ፣ ሜዳው ተከለለ፣ ማሳዬ በእርከን ተሸነሸነ። በሬዬን የት ላቁመው? ጣራ ላይ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ሁለተኛው በበሽሎ በኩል ካለው ቆላ የመጣ ጎልማሳ ነው። «ቦረቦሩ ዘንድሮ ብቻ ግማሽ ጥማድ በላብኝ። ሦስት ዓመት አመለከትኩ፣ መጥቶ ያየልኝ የለም። አካባቢ ጥበቃ ስትሉ የእኔ ማሳ አካባቢ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

አንዱ በዛ አሉ፣ ሌላው አነሰ አለ። ለሁለቱም እዚያው መልስ መስጠት አቃተኝ። ማታ ሳስበው ግን ሁለቱም ልክ ናቸው። መከልከሉ ላይ በርትተናል፣ መካፈሉ ላይ ሰንፈናል። የዛሬው ጽሑፌ ይኸው ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቀበሌ አንድ ተራራ ተከለለ። መተዳደሪያ ደንቡ ሲጻፍ እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከብት ከገባ ይህን ያህል፣ ፍየል ከገባ ይህን ያህል፣ እንጨት የቆረጠ ይህን ያህል እያልን የቅጣቱን ዝርዝር ሁለት ገጽ ሞላነው። ሳሩ ሲደርስ ማን ይወስዳል የሚለውን ግን «በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት» ብለን በአንድ መስመር አለፍነው።

በዚያ ቀበሌ ሦስት ፍየል ያላት አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አለች። መሬቷን በእኩል ያረሰችው፣ በሬ የላትም። ልጇ ትምህርት ቤት በዋለበት ቀን ፍየሎቹ ተራራው ውስጥ ገቡ። ተያዙ። በደንቡ መሠረት ተቀጣች። አንዷን ፍየል ሸጣ ቅጣቱን ከፈለች። ጥቅምት ላይ ሳሩ በጨረታ ተሸጠ። የገዙት ብዙ ከብት ያላቸው፣ እጃቸው ላይ ገንዘብ ያለ ሰዎች ናቸው። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ለሕዝብ ሲነገር አልሰማሁም። ያቺ እናት ግን ጥርና የካቲትን ሙሉ ድንጋይ ተሸክማ እርከን ስትሠራ ነበር የከረመችው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «ድንጋዩን ስሸከም የጋራ ነው አላችሁኝ። ሳሩ ሲደርስ ጋራው የት ሄደ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም ይቆጨኛል።

እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ ክልከላው ይቅር እያልክ ነው ወይ?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። አፈራችን እንዴት እየሄደ እንደሆነ በቁጥር ልንገራችሁ።

በ1970ዎቹ የተጀመረ የአፈር ጥበቃ ምርምር ነበር። ጎጃም አንጀኒ፣ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ወሎ ማይባርና ሌሎችም ቦታዎች ላይ ጣቢያ ተክለው በየዓመቱ ስንት አፈር ታጥቦ እንደሚሄድ ይለኩ ነበር። ያን ሥራ የመሩት ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር ይታጠባል ብለው ገምተዋል። ወደ እኛ አቆጣጠር እናምጣው። 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብንለው፣ ከአንድ ጥማድ በዓመት 105 ኩንታል አፈር ይወጣል ማለት ነው።

አሁን አስቡት። ለአንዲት ጥማድ ግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት ስንት ደጅ እንጠናለን፣ ስንት እንበደራለን? ግማሽ ኩንታል በውድ ዋጋ እናስገባለን፣ 105 ኩንታል ለም አፈር በነጻ እንሸኛለን። የማዳበሪያውም ገሚሱ አብሮ ይሄዳል። ይህ ደግሞ የአገር አማካይ ነው። የእኛ ዳገት ከዚያ ቢብስ አይገርምም። የሄደውን አፈር መልሶ ለመፍጠር በመቶ የሚቆጠር ዓመት ይፈልጋል። ልጅ ልጃችሁም አያየውም።

ስለዚህ እርከኑም ክልከላውም ያስፈልገናል። ጥያቄዬ አሠራሩ ላይ ነው።

ይህን የምለው አንድ ጊዜ ያየነው ነገር ስላለ ነው። ሽማግሌዎቹ ያስታውሱታል። በደርግ ጊዜ፣ በተለይ ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ፣ በወሎና በጎንደር በስንዴና በዘይት ክፍያ ብዙ እርከን ተሠራ፣ ብዙ ተራራ ተከለለ፣ ብዙ ዛፍ ተተከለ። ሥራው ትልቅ ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ምን ሆነ? በብዙ ቦታ ሰዉ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። የተከለለው ደን በጥቂት ሳምንት ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም ፈረሰ። ያ ሕዝብ የዛፍ ጥቅም ጠፍቶት አይደለም። ዛፉ የእኔ ነው ብሎ ስላላመነ ነው። የመንግሥት ነው ብሎ አሰበ፣ መንግሥቱ ሲሄድ የባለቤት አልባ ንብረት ሆነ። እኔ የምፈራው ይህ እንዳይደገም ነው።

በአንጻሩ የቤተክርስቲያኖቻችንን ዙሪያ ተመልከቱ። ከደብረ ታቦር እስከ እስቴ፣ ከጋይንት እስከ ስማዳ በእርሻ መሬት መሐል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የደብር ደን ነው። ዝግባው፣ ወይራው፣ ጽዱ እዚያ አለ። መንግሥት ሲለወጥ እነዚያ ደኖች በአንድ ሌሊት አልተጨፈጨፉም። የእኛ ነው የሚል ሰው ስላለ ነው። እነሱም ቢሆኑ ከብት እየገባባቸው ጠርዛቸው እየሳሳ ስለመጣ በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት ዙሪያቸውን በድንጋይ አጥር አጥረዋል። አጥሩ ችግኙን ከከብት ያድናል፣ ድንጋዩም ከአጎራባች ማሳ ይለቀማል። ማንም ሰው በዚያ አጥር ተጎዳሁ ሲል አልሰማሁም።

አሁን በዛ ወደሚባለው ልምጣ። የት ላይ ነው የበዛው?

አንደኛ፣ ቁጥር በዝቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በአገር ደረጃ ተነግሯል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ እንተክላለን። መትከሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከእኛ የሚጠየቀው ሪፖርት «ስንት ተተከለ?» የሚል ነው። ሐምሌ ላይ ሦስት ጊዜ ይደወልልኛል። ሚያዝያ ላይ «ስንቱ ጸደቀ?» ብሎ የሚደውልልኝ ግን ጥቂት ነው። ችግኝ በሐምሌ አይሞትም፣ የሚሞተው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ፕላስቲኩ ሳይወጣለት የተተከለ፣ በጠፍ ጭንጫ ላይ ሁለት ጣት ጉድጓድ ውስጥ የተሰካ ችግኝ እንኳን ሚያዝያን ኅዳርንም አያይም። እኔም በወጣትነቴ ጉድጓዱን ሳልቆጥር የሞላሁት ቅጽ አለ። ያን ስል አላፈርኩም ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ እርከን አንድ ዓይነት ሆኗል። በማሳ ላይ የሚሠራ እርከን እንደ ዳገቱ መጠን ከመሬቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሊይዝ ይችላል። ሁለት ጥማድ ላለው ሰው ይህ ቀላል አይደለም። በድንጋይ እርከን ውስጥ አይጥ ይራባል፣ ገበሬው ይህን ሲናገር እኛ «ሰበብ ነው» እንል ነበር። ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት ግን የድንጋይ እርከን በበዛበት ማሳ አይጥም እንደሚበዛ አሳይቷል። ገበሬው ልክ ነበር ማለት ነው። እርከኑ ምርት የሚጨምረው ደግሞ ወዲያው አይደለም፣ አፈሩ እስኪያዝና ደረጃው እስኪስተካከል ዓመታት ይወስዳል። ይህን ቀድመን አንነግርም። አንደኛው ዓመት ላይ ምርቱ ቀንሶ ሲያይ ገበሬው ማታ ማታ ድንጋዩን ያፈርሳል። አፍራሹን ከመቅጣት በፊት ለምን እንዳፈረሰ መጠየቅ ይገባን ነበር።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር አንድ ነገር ላንሳ። በ2016 ዓ.ም ጥርና የካቲት የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የቤልጂየምና የሌሎችም አገራት ገበሬዎች ትራክተር አሰልፈው መንገድ ዘግተው ነበር። ብዙ ቅሬታ ነበራቸው፣ አንዱ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ በዛብን የሚል ነው። ካስቆጧቸው ሕጎች አንዱ ከእርሻ መሬታቸው 4 በመቶው ሳይታረስ እንዲቆይ የሚያዝ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ያን ግዴታ አነሳላቸው። እነዚያ ገበሬዎች ከመንግሥታቸው ድጎማ የሚያገኙ ናቸው። የእኛ ገበሬ ግን ከሴፍቲኔት ውጭ ያለው ያለ አንዲት ሳንቲም ጉልበቱን ሰጥቶ ከዚያ የሚበልጥ መሬቱን ለእርከን ይለቃል። ይህን የምለው እናንተም መንገድ ዝጉ ለማለት አይደለም። የከፈላችሁት ትልቅ ዋጋ መሆኑን ቢሯችን እንዲያውቀው፣ እናንተም ራሳችሁ እንድታውቁት ነው።

ሦስተኛ፣ «ልቅ ግጦሽ ቁም» የሚለው ትእዛዝ ከመኖው ቀድሞ መጥቷል። ከብት አስሮ መመገብ ጥሩ አሠራር ነው፤ ላሟ ወተት ትጨምራለች፣ እበቱ አንድ ቦታ ይጠራቀማል። ግን መኖ ሳይዘጋጅ «እሰሩ» ማለት «ሽጡ» ማለት ነው። ሽማግሌው «ጣራ ላይ ላቁመው?» ያሉኝ ለዚህ ነው።

አነሰ ወደሚባለው ደግሞ ልሂድ።

ቦረቦር ላይ አንሰናል። ቦረቦር በአንድ ሰው ማሳ ላይ ይታያል እንጂ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። ውሃው ከላይ ካለው መንገድ፣ ከላይ ካለው መንደር፣ ከላይ ካለው ማሳ ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። ከታች ክትር ብትሠራለት በአንድ ክረምት ጥሎት ይሄዳል። ሥራው ከላይ መጀመር አለበት፤ ውሃው ከመጠራቀሙ በፊት ጎርፍ መቀልበሻ፣ ከዚያ ወደ ታች ክትር፣ ከዚያ አፉ ላይ ሳርና ሰስባኒያ። ይህ ከባድ ነው፣ ሽቦ ይፈልጋል፣ የብዙ ማሳ ባለቤቶችን ስምምነት ይፈልጋል። ቀላሉ ቦታ ላይ እርከን ሠርቶ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ሪፖርት ማድረግ ይሻላል ስለሚባል ቦረቦሩ ይቀራል። የበሽሎው ጎልማሳ ሦስት ዓመት የጮኸው ለዚህ ነው።

ማገዶ ላይ አንሰናል። ተራራ ስንከልል ማገዶው ከየት ይምጣ አላልንም። እናቶች ኩበት አነደዱ። ኩበት ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ ተራራውን አድነን ማሳውን አስራብነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና በየጓሮው የማገዶ ዛፍ ሳይታሰብ የተከለለ ተራራ ግማሽ ሥራ ነው።

ቁልቁለቱ ላይም አንሰናል። በ1997 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይዋል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ይዋል ብሎ ደንግጎ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል ሊዘራበት የሚችለው ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ ነበር። 60 በመቶ ማለት ወደ ፊት 10 ሜትር ስትሄዱ ከፍታው 6 ሜትር የሚጨምር ነው። ወደ በሽሎ ስትወርዱ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማሽላ ተዘርቶ ታያላችሁ። ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ። የቀረው ገበሬው እልኸኛ ሆኖ አይደለም፣ ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። «ይህን ተው» የሚል ሕግ «በምትኩ ይህን ያዝ» ካላለ አይሠራም።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? ሁለት ምሳሌ ላምጣ፣ ሁለቱም የአገራችን ናቸው።

አንዱ ወላይታ ሁምቦ ነው። የተራቆተ ተራራ ነበር። ወርልድ ቪዥን ከማኅበረሰቡ ጋር 2,700 ሄክታር ገደማ ከልሎ ሠራበት። በብዛት የተጠቀሙት አዲስ ችግኝ አይደለም። ከመሬት በታች በሕይወት ያለ ጉቶ ነበር፣ ከብትና መጥረቢያ ሲቀርለት አቆጠቆጠ፣ እነሱ እየገረዙ አሳደጉት። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፦ ገበሬዎቹ በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው የደኑን የመጠቀም መብት በሰነድ ያዙ። ሳሩን አጭደው ይወስዳሉ፣ የደረቀውን ለማገዶ ይሰበስባሉ። ደኑ የሚይዘውን ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ሸጠው ገቢ አገኙ። ካርቦን ነገ እኛ ጋም ይመጣል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ ያ ብዙ ሥራና ዕድል ይጠይቃል። እኔ የምወስደው ሰነዱን ነው። ወረቀቱ በገበሬው እጅ ነበር።

ሌላው አዊ ፋግታ ለኮማ ነው። እዚያ ማንም ሳያስገድደው ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ ተከለ። አንደኛው ዓመት ላይ በችግኙ መሐል ጤፍ ያመርታል፣ ከዚያ ሳሩን ያጭዳል፣ በጥቂት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፣ እንደገና ይተክላል። አካባቢው አረንጓዴ ሆነ፣ ኪስም ሞላ። ግን ሁሉም አንድ ዛፍ ብቻ ስለተከለ በቅርብ ዓመታት በሽታ ሲገባ ብዙ ሰው ተጎዳ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እንውሰድ። ጥቅም ያለው ዛፍ ጠባቂ አያስፈልገውም። ሁለተኛው፣ ሁሉን እንቁላል አንድ ሌማት ላይ አታስቀምጡ። ባህር ዛፍም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አጣናው ልጅ ያስተምራል፣ ቤት ይሠራል፣ ስለዚህ ጨርሶ ይነቀል አልልም። ከምንጭና ከሰው ማሳ ግን አርቁት፣ እሱን ብቻም አትትከሉ።

ሌላም ነገር አለ። የጋይንትና የስማዳ ጎርፍ በበሽሎና በሌሎች ገባሮች ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ ዓባይም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ወደተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ይገባል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ያ ግድብ ደለል ከሞላው ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ እኛ ዳገት ላይ የምትሠሩት እርከን የአገር ሀብት ይጠብቃል። ይህ የሚያኮራ ነው። ግን ኩራት መኖ አይሆንም። ከታች ያለው በመብራቱ ከተጠቀመ ከላይ ሆኖ ድንጋይ የሚሸከመው ሰው የሚያገኘው ነገር መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ ለቦረቦር የሚሆን ሽቦ፣ ለተራራው የሚሆን የመኖ ዘር፣ ለጓሮው የሚሆን የፍራፍሬ ችግኝ ይድረሰው።

የሚቃወሙኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። «ደንቡን ካላላህ ተራራው በአንድ ዓመት ይራቆታል» ይሉኛል። እውነት አላቸው፣ ከብት የለመደበትን አይረሳም። እኔ ግን ደንቡ ይላላ አላልኩም። ፍየል ይግባ አላልኩም፣ ፍየል ለጋ ችግኝ ጠላቱ ነው። ያልኩት የቅጣቱ ገጽ ሁለት ከሆነ የክፍፍሉም ገጽ ሁለት ይሁን ነው። ሌሎች ደግሞ «ሳር ሲከፋፈል ሰው ይጣላል» ይላሉ። ይጣላል። ግን ሳይከፋፈልም ተጣልቷል፣ ዝም ብሎ ነው እንጂ። በዝምታ የተጣላ ሰው ደግሞ 1983ን የሚጠብቅ ሰው ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ጥር ገብቶ ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት በየተፋሰሳችሁ እነዚህን ነገሮች ተነጋገሩባቸው።

1. የሳሩ ክፍፍል በጽሑፍ ይሁን። ለሥራ የወጣ ሁሉ በቀን ቁጥሩ ልክ ድርሻ ይኑረው። ከብት የሌለው ድርሻውን ለጎረቤት መሸጥ ይችል። አቅመ ደካማ፣ አሮጊትና ባሏ የሞተባት ሴት አስቀድሞ ድርሻቸው ይለይላቸው። ሳር በጨረታ ከተሸጠም ገንዘቡ ስንት እንደሆነና ምን ላይ እንደዋለ ለጉባኤ ይነበብ።

2. በማኅበር ተደራጁ። የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር የሚቋቋምበት ሕግ በክልላችንም በፌዴራልም አለ። ማኅበሩ ከተመዘገበ የተከለለው ቦታ ባለቤት አለው ማለት ነው። ቀበሌያችሁን ጠይቁ፣ እምቢ ካላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

3. እርከኑን ባዶ አትተዉት። ጀርባው ላይ ደሾ ሳር፣ ዝሆኔ ሳር ወይም ሰስባኒያ ትከሉበት፤ ደጋ የሆናችሁ ትሪ ሉሰርን፣ ውሃ ያላችሁ ጌሾ። ያኔ እርከን የበላው መሬት መኖና ብር ሆኖ ይመለሳል። ሥሩም እርከኑን ይይዘዋል። አይጥ ከበዛ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ ጊዜ ጉድጓዱን ቆፍሩ፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢያጠፋ ከአጠገቡ ይመጣበታል።

4. ከተከላ በፊት የጸደቀውን ቁጠሩ። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ወስዳችሁ አምና የተተከለውን እየዞራችሁ ቁጠሩት። ከአሥር ሦስት ከጸደቀ ለዘንድሮ አዲስ ተራራ አትፈልጉ፣ ያንኑ አሟሉት። ጉቶ ያለበት ቦታ ላይ ችግኝ አትትከሉ፣ ጉቶውን ጠብቁት፤ ክትክታውም ወይራውም ራሱ ይመጣል።

5. ቦረቦሩን ከአፉ ሳይሆን ከራሱ ያዙት። የታችኛው ማሳ ባለቤት ብቻውን አይታገል፤ የላይኞቹ ባለማሳዎች ውሃውን ይቀልብሱለት። ከዘመቻው ቀናት የተወሰኑት ለቦረቦር ብቻ ይመደቡ ብላችሁ ጉባኤ ላይ አንሱ። እኔም ከጎናችሁ ሆኜ አነሳለሁ።

ለሽማግሌው የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ አባቴ፣ ክልከላው በዛ ሲሉ ልክ ነዎት፣ ምክንያቱም ሳሩን ሳናሳይዎት በሬዎን አስረን ነው። ለበሽሎው ጎልማሳም፦ ወንድሜ፣ አነሰ ማለትህ ልክ ነህ፣ ቀላሉን ሠርተን ከባዱን ትተንብህ ነው።

ያቺ ሦስት ፍየል የነበራት እናት አሁን ሁለት ነው ያላት። ደንቡ ዘንድሮ እንዲሻሻል ለኮሚቴው አቅርቤያለሁ፣ ገና አልተወሰነም። ስብሰባው ከእህል ወቃው በኋላ ነው። በዚያ ቀበሌ ያላችሁ የገጹ ተከታታዮች ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ በዕለቱ አትቅሩ። እሷም ትመጣለች። ተነስታ ስትናገር «ዝም በይ» የሚላት እንዳይኖር አደራ።

በየቀበሌያችሁ የሳሩ ክፍፍል እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ። ጥሩ ደንብ ያላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ለሌሎች አጋራዋለሁ። የገንዘብ መጠንና የሰው ስም ግን ሸፍናችሁ ላኩ።

አዝመራውን በደህና አስገቡ። ቸር ያሰንብተን።